አግዳሚ የምትጎትተው ቀይ መኪና

አጎቴ ሁለት ሰው ብቻ በምትይዘው ቀይ ስፖርት መኪናቸው ኋላ መንጠቆ በይደው ትንሽ ተጎታች ሲያስሩባት የሰፈሩ ሰው ሳቀባቸው። እሳቸው ግን የእድራችንን አግዳሚዎች ለቅሶ ቤት የሚያደርሱት በእሷ ነበር። እናቴ፣ የገዛ እህታቸው፣ የሞተች ቀን በሩ ላይ ቆሜ ስጮህ ደረሱና ከመኪናዋ ሳይወርዱ ተቆጡኝ።

«አንተ! ቆሞ ማልቀስ ለታይታ ነው። አግዳሚውን አውርድና ቁጭ ብለህ አልቅስ!»

እንባዬን ሳልጠርግ አወረድኩ። ያን ቀን ጠላኋቸው።

ባለፈው ቅዳሜ እሳቸው ሞቱ። ለቀስተኛው ግቢውን ሞላው፣ አግዳሚ ግን የለም። ሁልጊዜ የሚያመጡት እሳቸው ስለነበሩ፣ ሄዶ ማምጣት ማናችንንም ትዝ አላለንም። ተጎታቿ ከነአግዳሚዎቿ በእድሩ መጋዘን በር ላይ ቆማ ቀርታለች።

በዚያ አናት በሚበሳ የአዳማ ፀሐይ፣ አጎቴን ሁላችንም ቆመን አለቀስናቸው።