ለልጃቸው ያሰናዱት

ባንዱንግ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ እናቴን ሳስታምም፣ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጃፍ የማይጠፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ባቲክ የሚባለውን ባለ ጥለት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ላፕቶፓቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለው ሩዛቸው አጠገባቸው ሳይነካ ይውላል።

«ምን እየሠሩ ነው ጋሼ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ልጄ ፕሮግራመር ነው። ኮምፒውተር በቀየረ ቁጥር የሚሠራበትን ሁሉ እንደ አዲስ ሲጭን ይውልና ይነጫነጫል። እኔም ‹ሰበብ አታብዛ፣ አንተ ሰነፍ!› እያልኩ እስቅበት ነበር። አሁን ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለብቻው፣ ጃቫ የሚባለውንም ለብቻው፣ ከሚያስፈልጋቸው ጋር አሰናድቼለታለሁ። በየትኛውም ኮምፒውተር ቢከፍተው ወዲያው ሥራውን ይጀምራል።»

ነርሷ ብቅ ስትል ቀና አሉ።

«ልጅዎ ዛሬም አልነቃም፣ አባባ። እባክዎ ትንሽ እንኳ ይቅመሱ» አለቻቸው።

«እሺ ልጄ» አሉ፤ ምግቡን ግን አልነኩም። ፓይተኑን ከፍተው ሞከሩት፤ ሠራ። ጃቫውንም ሞከሩት፤ እሱም ሠራ። ሌላ የሚነካካ ነገር ፈልገው ስክሪኑን ትንሽ ካዩ በኋላ ላፕቶፑን ቀስ ብለው ዘጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሁሉም አለቀ» አሉኝ። «አሁን ደግሞ ምን ልሥራለት?»