በሳልሳ ቆርቆሮ ያሳደግናቸው ጊንጦች

በጣሊያን ጊዜ፣ ጀግኖቹ ዱር ገብተው ሲታኮሱ፣ እኔ ቡታጅራ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጊንጥ አሳድግ ነበር። ጀግንነት በየፈርጁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና ሳይነሳ ሞተብን። ከዚያ ወዲያ ሚስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ብይ ብላት አትበላም፣ ብቀልድ አትስቅም። እኔ ደግሞ ከቀልድ ሌላ ምን ሙያ አለኝ? ንግዴን እንደሆነ ጣሊያን ያለ ይለፍ ወረቀት አላሳልፍም ብሎ ዘግቶታል። አማቴ ከእምድብር ላኩብኝ፦ «ለመስቀል እመጣለሁ። ልጄን እንደተኛች ካገኘኋት ይዣት እሄዳለሁ።» እንደዚያ ሆና ከሄደች እንደማትመለስ አውቄዋለሁ።

አንድ ጠዋት ማገዶ ላነሳ ስል ጊንጥ! መደቡ ላይ እንዴት እንደወጣሁ እስካሁን አላውቅም። ጩኸቴ ግን ገበያ ድረስ ተሰምቷል አሉ። ሚስቴ ምን ሆነ ብላ ተነስታ መጣች። ጫማዬን ልወረውር ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተው! አታያትም? ልጆቿን አዝላለች።»

እውነትም ጀርባዋ ላይ የገብስ ቅንጣት የሚያክሉ ነጫጭ ልጆች ተደራርበዋል። እኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነው፤ ሚስቴ ተናገረች! ያን ሰዓት ጅብ እናሳድግ ብትለኝ ጆሮውን ይዤ አመጣላት ነበር።

አፉ በተሸረፈ እንስራ ውስጥ አፈርና ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርገን አስገባናት። አስገባናት ስል እሷ አስገባች፣ እኔ መደቡ ላይ ሆኜ መከርኩ።

ምን ትብላ? በእኛ አገር አራስ ቤት ቅቤ ሳይገባ ቀርቶ ያውቃል? ለጋ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ይዤ መጣሁና ጣል አደረግኩላት። እመጫቲቱ ጊንጥ እግሯ ቅቤው ውስጥ ተያዘና ጅራቷን አቁማ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደች። ሚስቴ በስንጥር እያወጣቻት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ገንፎም ልታገነፋላት ነበር?» አለችኝ። እያሾፈችብኝ እኮ ነው! ጆሮዬን አላመንኩም።

ቀስ በቀስ ተማርን። ሕይወት ያለው ነገር ካልሆነ አይበሉም። ልጆቹ የመጀመሪያ ቆዳቸውን ገፈው ከእናታቸው ጀርባ ሲወርዱ ምስጥ እንሰጣቸው ጀመር። የበሬን መቃን ምስጥ በላው ብዬ ስንት ጊዜ አማርሬአለሁ፤ ያን ጊዜ ተመስገን አልኩ። ውሃቸው በእርጥብ ጥጥ ነው። ሚስቴ ምስጡን በስንጥር ጫፍ ታቀርብላቸዋለች፤ ሲይዙት ያቺ ክር የምታክል ጅራታቸው ቀጥ ትላለች። ለእነሱ ብላ ስትነሳ፣ በመሃል እሷም ቆጮ ትቀምስ ጀመር።

አንድ ቀን ግን እናትየው ጊንጥ አንዱን ልጇን ስትበላው ሚስቴ አየች። ፊቷ እንደገና ሲጠቁር ሳይ ዘልዬ ተነሳሁ። እናትየውን በአካፋ፣ ያውም እጀታው በረዘመው አካፋ፣ ወስጄ ከመንደሩ ማዶ ድንጋይ ሥር ለቀቅኳት። ልጆቹም እንዳይበላሉ ለየብቻ ቤት አስፈለጋቸው። የጣሊያን ወታደሮች ከሰፈራቸው ውጭ የሚጥሉት የሳልሳ ቆርቆሮ ትዝ አለኝ፤ ግድግዳው ስለሚያንሸራትት ወጥተው አያመልጡም። ስለቅም ጎረቤቴ፣ ጨው ነጋዴው ሽማግሌ፣ አዩኝ።

«አሰላሙ አለይኩም። ምነው ልጄ፣ የጣሊያን ቆሻሻ ትለቅማለህ? ባንዳ ሆንክ እንዴ?»

«ኧረ አባባ፣ ለጊንጦቼ ቤት ነው።»

«አስተግፊሩላህ! ባንዳነትስ አላህ የሚምረው ተውበት አለው፤ ይሄ ግን ምን አለው?»

በማግስቱ ራሳቸው ከሱቃቸው ባዶ ቆርቆሮ ይዘው መጡ። በሩ ላይ አስቀምጠው ሮጡ።

መስቀል ሊደርስ ሲል አማቴ መጡ። ሚስቴን ቆርቆሮዎቹ ፊት ተንበርክካ አገኟት። እኔ ጥግ ይዣለሁ።

«ተነሽ ልጄ፣ እንሂድ» አሉና ጎንበስ ብለው አዩ። «በስመ አብ! አንተ፣ ልጄን ከጊንጥ ጋር ነው ያስቀመጥካት?»

«ኧረ እማማ፣ እሷ ናት ጊንጦቹን ከእኔ ጋር ያስቀመጠቻቸው!»

«ቀስ በይ እማዬ» አለች ሚስቴ። «ይቺ ትናንት ነው ቆዳዋን የገፈፈችው፤ ገና ለስላሳ ናት። እኔ ደግሞ የትም አልሄድም። ማን ያበላቸዋል? እሱ እንደሆነ ገና ወደ ቆርቆሮው ሲጠጋ ላብ ያጠምቀዋል።»

አማቴ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩ። ጉንጯን ዳሰስ አደረጉ፤ ትንሽ ሥጋ ይዟል። ዘንቢላቸውን አወረዱና መደቡ ላይ ተቀመጡ። ቆይተው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ያልበላው የቱ ነው?»

ሚስቴ አሳየቻቸው። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተንበርክከው ምስጥ ሲያቀርቡ እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። ለምን ወጣህ ለሚለኝ ሁሉ፣ ጊንጥ ፈርቼ ነው እላለሁ።