በሐይቁ በኩል ያለው ቀዳዳ

ሙሚና በዕድሜዋ አንድም ጊዜ የኳስ ጨዋታ አይታ አታውቅም። ቢሆንም ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስለ ታዳጊዎቹ ቡድን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ነበር ቢሏችሁ አትመኑ።

ሥራዋ መረብ መጠገን ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ጠዋት ከሐይቁ ሲወጡ የተቀደደውን ደጃፏ ላይ ይጥሉላታል፤ እሷም እግሯን ዘርግታ፣ የመረቡን ጫፍ በአውራ ጣቷ ወጥራ ትጠግናለች። ቀዳዳውን አይታ የቀደደውን ታውቃለች። ትንሹ ዓሣ ቆሮሶ ክሩን ያላላዋል እንጂ አይበጥሰውም፤ ትልቁ አምባዛ ግን ጎትቶ ይቦጭቀዋል። ግንድ የቀደደውን መረብ ዓሣ ቀደደው ብሎ የሚያመጣባትን አስጋሪ፣ "ወላሂ፣ አንተ ተኝተህ ነው ጀልባህ ብቻውን የሄደው" ብላ ታሳፍረዋለች።

በ2010 ዓ.ም.፣ አገሩ ሁሉ ለውጥ ለውጥ በሚልበት ሰሞን፣ የስፖርት መምህሩ ሙሉአለም የከተማውን ታዳጊዎች ሰብስቦ ቡድን አቋቋመ። ለሁለቱ ጎል ያገኘው አንድ መረብ ብቻ ነበር። መረብ በሌለው ጎል የገባ ኳስ ከሰው ማሳ ውስጥ ይፈለጋል። ያንኑ አንዱን መረብ እሑድ ከጨዋታ በኋላ ይፈታና ሰኞ ጠዋት ለሙሚና ያመጣላታል። እሷም ከአስጋሪዎቹ በተራረፈ ስስ ክር ትጠግንለታለች፤ ወፍራሙ ክር ለአምባዛ መረብ የተቀመጠ ነው።

በመጀመሪያው ወር ዝም ብላ ሠራች። በሁለተኛው ወር ነገሩ ይከነክናት ጀመር። ቀዳዳው ሁሉ ወደ ታች ነው። አንዱ ብቻ ሁልጊዜ በሐይቁ በኩል በሚታሰረው ጎን፣ ከላይ ማዕዘኑ ላይ ነው፤ እዚያው ቦታ፣ እንደ አምባዛ ቡጭቅ አድርጎ።

"ይሄን የሚቀደው ማነው?" አለችው ሙሉአለምን።

"ኳስ ነዋ፣ እትዬ ሙሚና።"

"ኳሱንማ አውቃለሁ። መቺውን ነው ያልኩህ።"

ሙሉአለም አላወቀም። የእሱ ተስፋ አጥቂው ቢያድግልኝ ነበር፤ የቢያድግልኝ ጎሎች ግን ሁሉም መሬት ለመሬት ናቸው። ሙሚና አልለቀቀችውም፤ በየሰኞው ጠየቀችው። ሰልችቶት አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ቆየት ብሎ ቢያይ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚውለውን ባድሩን ብቻውን በግራ እግሩ ሲመታ አገኘው። ባድሩ ሰው ፊት እግሩ ይተሳሰራል፤ ሜዳው ጭር ሲል ግን አይስትም።

ደሴ ያለ አንድ ክለብ ለተስፋ ቡድኑ በዓመት አንዴ ከየወረዳው ተጫዋች ይመለምል ነበር። በ2011 መልማዮቹ ሐይቅ የሚመጡበትን ቀን ሲቆርጡ፣ መስከረም ሃያ አንድ አሉ። የወሎ ሰው ሆነው የግሸን ማርያምን ቀን መርሳታቸው እስከ ዛሬ ያስቃል። ቢያድግልኝና የቡድኑ እኩሌታ ከነቤተሰባቸው ግሸን ወጥተዋል፤ ተመልካቹም አብሮ ሄዷል። ሙሉአለም ራሱ ስለቱን ለከርሞ አስተላልፎ ነው የቀረው። አጥቂ ሲጠፋ የሙሚና ጭቅጭቅ ትዝ አለውና ባድሩን አስገባው። ሜዳው ባዶ ስለነበር ይሁን እንጃ፣ እግሩ አልተሳሰረም። አንዱ መልማይ ስሙን ጻፈ፤ ባድሩም ደሴ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሙሚና የደሴውን ተስፋ ቡድን መከታተል ያዘች። ዋናው ቡድን አሸነፈ ተሸነፈ ጉዳይዋ አይደለም። ከታች ማን ሊያድግ ነው? ማን ተቀነሰ? ባድሩስ መቼ ነው ዋናው ቡድን የሚገባው? ሙሉአለም የሰማውን ይነግራታል፤ እሷ የምታምነው ግን መረቡን ነው። ባድሩ ለጁምዓ ሲመጣ የድሮው ሜዳ ላይ ሳይመታ አይመለስም፤ ስለዚህ ሰኞ በሐይቁ በኩል ከላይ ቀዳዳ ካለ፣ ልጁ ደህና ነው። በ2013 መጨረሻ ክሩ ሦስት ቦታ ተበጥሶ መጣ። "ዘንድሮ ያሳድጉታል" አለች። እውነትም ክለቡ ለአዲሱ ዓመት ከዋናው ቡድን ውስጥ ስሙን አስገባው።

ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። ሙሚና መረቡን ጠቅልላ ቆጥ ላይ ሰቀለችው፤ ያን ሰሞን ስለ ኳስ ያሰበ ሰው አልነበረም። ባድሩን ከደሴ ሲሸሽ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ግራ እግሩን መታው። ታኅሣሥ ላይ አገሩ ሲረጋ በክራንች እቤቱ ገባ። ክራንቹን ከጣለ በኋላም ከሰው አልቀላቀል አለ። ሙሚና ልትጠይቀው ሁለት ጊዜ ተነሥታ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰች። ምን ልትለው ነው? እሷ የምታውቀው ግራ እግሩን ነው። በጣም አዘነች።

መረቡን ግን ከቆጥ አወረደችው። ጠግናም፣ "ከሰኞ በቀር እንዳትፈታው" ብላ ለሙሉአለም ሰጠችው። በየሰኞው መጀመሪያ የምታየው በሐይቁ በኩል ያለውን ማዕዘን ነው። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፤ ክሩ እንደጠገነችው ይመለሳል።

ግንቦት ላይ ሌላ ነገር አየች። ቀዳዳው ከላይ ነው፤ ግን በሌላው ጎን፣ በተራራው በኩል። ዙሪያውን የላላ ክር ሞልቷል፤ ደጋግሞ ስቶ ስቶ ያገኘው ሰው ሥራ ነው። ሙሉአለም ከልጆቹ እዚያ የሚያደርስ እንደሌለ ማለላት። በሚቀጥለው ሰኞም እዚያው ተቀዶ መጣ። ሙሚና አልቻለችም። ሐሙስ እኩለ ቀን፣ ፀሐዩ ሜዳውን ባዶ ሲያደርገው፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ባድሩ ብቻውን ነበር። በግራው ቆሞ በቀኙ ይመታል። ኳሱ አግዳሚውን ዘሎ ማሳ ውስጥ ገባ፤ እያነከሰ ሄዶ አመጣው። ሲያያት ደነገጠ።

"ግራው ከእንግዲህ ለመቆሚያ ነው" አላት። "ዋናው ቡድን ቦታዬን ለሌላ ሰጥቷል። እንደ ገና ከተስፋው ልጀምር ነው፣ ከተቀበሉኝ።"

"እኔስ ያወቅሁህ የት ሆነህ ነው? ከታች አይደል?"

"መረቡን እየቀደድኩ አስቸገርኩዎት።"

"አብሽር። እስቲ ምታ፤ ሲገባ አይቼ አላውቅም።"

ሰው ፊት መሆኑ ነው መሰል፣ ሦስቴ ሳተ። ሙሚና ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ተቀመጠች። በአራተኛው የክሩን ድምፅ ከጀርባዋ ሰማች፤ ዞር ሳትል ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ሰኞ ሙሉአለም በተራራው በኩል የተሰፋውን ጥቁር ወፍራም ክር አይቶ፣ "ይሄ የአምባዛው አይደለም እንዴ?" አላት።

"ነው። ልጁ በዚህ በኩል ሊለምድ ነው፤ ስሱ አይችለውም። ለደሴዎቹም ደውልና የዘንድሮ ምልመላ መቼ ነው በላቸው።" መረቡን ጠቅልላ ሰጠችው። "መስከረም ሃያ አንድ ካሉህ፣ እሺ በል።"