የዓሚ ለዝሃር የውሃ ተራ እና የኡልፋ አማካይ

ኡልፋ ግትር ናት። ቱኒዚያ፣ ስፋክስ ውስጥ በአንድ ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፕ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ተሳሳትኩ ስትል ሰምቼ አላውቅም። እጇ ግን ወርቅ ነው፣ መቼም አይካድም።

ያን በጋ የሠራችው ሳጥን በበረሃዋ ከተማ ቶዘር፣ ተምር እርሻ መሀል፣ የውሃ ቦይ ላይ የሚተከል ነበር። እዚያ ውሃ በተራ ነው፤ ለአንድ እርሻ በአሥራ ሁለት ቀን አንዴ። ባለተራው ከሌለ ውሃው ወደ ጎረቤት ያልፋል። ሳጥኑ ውሃው ሲደርስ ውስጡ ባለው የሞባይል ኔትወርክ መላኪያ ሞጁል ለባለቤቱ መልእክት ይልካል። መጀመሪያ የተሰጠው ለሽማግሌው ገበሬ ለዓሚ ለዝሃር ነበር፤ «ዓሚ» በእኛ አገር «አጎቴ» እንደማለት ነው። እሳቸውም ሳጥኑን አምነው ገበያ ሄዱ፤ መልእክት አልመጣም፣ ውሃውም አለፋቸው።

«ሳጥንሽ ዲዳ ነው ልጄ!» ብለው በስልክ ጮኹ። «አዲሶቹ ችግኞቼ ሊደርቁብኝ ነው!»

«ሲም ካርዱ ነው ዓሚ፣ እንቀይረዋለን።»

«ባትሪው አቅም አንሶት እንዳይሆን?»

«ኧረ አስልቼዋለሁ! በአማካይ ከበቂም በላይ ነው።»

ስልኩን ስትዘጋ፣ «ሞጁሉ ሲልክ ለቅጽበት የሚስበውን ኃይልስ አስልተሻል?» አልኳት።

«መንጂ፣ አንተ ብየዳህን በይድ!» አለችኝ።

አኩርፌ ወደ ብየዳዬ ተመለስኩ፣ ደግሜም አልጠየቅኳትም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ሲም ካርዱ ተቀየረ፣ ሁለተኛው ተራም አለፋቸው።

ተያይዘን ቶዘር ወረድን። ወርክሾፕ ውስጥ መቶ ጊዜ የላከው ሳጥን ቦዩ ዳር ሲደርስ ይነቃል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነቃል። መለኪያው ላይ ያለው ቮልቴጅ ግን ንቅንቅ አይልም። ኡልፋ ካቻቪቴውን አሸዋው ላይ ወረወረችው።

ዓሚ ለዝሃር ከባዶ ገንዳቸው ጠርዝ ተቀምጠው ያዩናል። «ውሃ እንኳ ቢመጣ ቀጭን ነው» አሏት እንደ ዋዛ። «እንዲሁ ብትለቂው መንገድ ላይ አፈር ይጠጣዋል። ገንዳ ውስጥ አጠራቅመሽ በአንዴ ካልለቀቅሽው ጥግ ያለው ተምር ጋ አይደርስም።»

ኡልፋ ገንዳውን ትኩር ብላ አየችው።

«የኔትወርክ ታወሩ እዚህ ሩቅ ነው» አለች ቀስ ብላ። ስፋክስ ታወሩ ከጎናችን ነው፤ ሞጁሉ ቢያንሾካሹክም ይሰማል። እዚህ ግን መጮህ አለበት፤ ለመጮህ ደግሞ ለቅጽበት ሁለት አምፔር ይፈልጋል። ከባትሪው በሚወስደው ቀጭን ሽቦ ያን ያህል አይደርሰውም፤ ቮልቴጁ ወርዶ ሞጁሉ ይጠፋል። የእኛ መለኪያ ደግሞ ይህን ለማየት ዘገምተኛ ነው። የመኪናው ኮፈን ላይ ሆና ሽቦውን በወፍራም ቀየረች፣ ከሞጁሉ ሥርም ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በአንዴ የሚለቅ ትልቅ ካፓሲተር በየደች። ገንዳ ሠራችለት ማለት ነው።

በሦስተኛው ተራ መልእክቱ ደረሰ። ዓሚ ለዝሃር ከገበያ ሮጠው ውሃቸውን ተቀበሉ፤ ከዚያም ደወሉ።

«ሠራ አይደል?» አለች ኡልፋ፣ ፊቷ በርቶ።

«ሠርቷል፣ እጅሽ ይባረክ። ከችግኞቼ ግን ግማሹ ደርቋል። ከሦስት ተራ አንዱን ብቻ ነው የጠጡት። በአማካይ ይበቃቸው ነበር እንዴ ልጄ?»

ኡልፋ አየችኝ። እኔም ያኔ ደግሜ አለመጠየቄ ትዝ ብሎኝ አቀረቀርኩ።