ለእናቴ ጡረታ የቆሙት ሽማግሌ

የአባቴ መርዶ ገለምሶ የደረሰን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ወታደር ነበር፤ ሰሜን ጦር ግንባር ሄዶ ቀረ። ጎረቤት አለቀሰልን፣ እህሉን እየያዘ መጥቶ አስተዛዘነን። ሰው ግን ሐዘንተኛን ዕድሜ ልኩን አይቀልብም፤ ቢቀልብም እናቴ አትበላም፣ ኩሩ ናት። የቀራት ተስፋ የሟች ወታደር ሚስትና ልጆች የሚያገኙት ጡረታ ነበር። እሱ ካልተሳካ ቤቱን ለቀን መቻራ፣ አጎቴ ጋ መግባታችን ነው፤ የእኔም ትምህርት እዚያ ላይ ያበቃል።

ጡረታው እንዲከበርላት በሕግ ሚስቱ መሆኗን አሰበ ተፈሪ ፍርድ ቤት ቀርባ በምስክር ማረጋገጥ ነበረባት። ምስክሮቿ ጎረቤታችን የሆኑት ሽማግሌና ወንድማቸው ናቸው። ሽማግሌው ጫት ነጋዴ ነበሩ። ጫት ነጋዴ በገበያ ቀን ከሚቀር ፀሐይ ብትቀር ይቀላል፤ እሳቸው ግን ገበያቸውን ትተው፣ በጫት መኪናቸው ጋቢና እኔንና እናቴን አስቀምጠው፣ ራሳቸው ከወንድማቸው ጋር ከኋላ ተጭነው መጡ።

ዳኛው ሟቹን ያውቁት እንደሆነ ጠየቋቸው። አሳምረው መለሱ፤ ጫማ አወላወሉን ሳይቀር ነገሯቸው። ቀጥሎ የሚስቱ ስም ማን እንደሆነ ጠየቋቸው።

በእኛ ሰፈር እናቴን ሁሉም በእኔ ስም፣ የእገሊት እናት እያለ ነው የሚጠራት። የሰው ሚስት በስሟ መጥራት ለሽማግሌ ነውር ነው፤ ስሟን ጨርሶ አያውቁትም ነበር። ወንድማቸውን ዘወር ብለው አዩት፤ እሱም ጣሪያውን ያያል። ያ ሁሉ መንገድ ተመጥቶ ጡረታችን በአንድ ስም ሊቀር ነው አልኩ።

«ጌታዬ» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ፣ «ስሟን የሚጠራው ባሏ ነበር። እሱን እናንተ ወሰዳችሁት።»

በዚያ ዘመን እንዲህ መንግሥትን የሚወቅስ ንግግር የት እንደሚያደርስ ልጅ ሆኜም አውቅ ነበር። ዳኛው ግን አልተቆጡም። ጉዳዩን ለከሰዓት ቀጠሩት። ዛሬም ስማቸውን አላውቅም፤ በሄዱበት ይቅናቸው።

ውጭ፣ የፍርድ ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር፣ ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው እናቴ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ስምሽን ልጥራው? ትፈቅጂልኛለሽ?»

እናቴ መሬት መሬት እያየች ነገረቻቸው። ምሳ እስኪደርስ በአስፋልቱ ዳር እየተመላለሱ፣ ቁርአን እንደሚቀራ ተማሪ በሹክሹክታ ሲደጋግሙት ዋሉ። ሳቄ መጣ፤ እናቴ ቆነጠጠችኝ።

ከሰዓት ቀርበው ስሟን ከነአባቷ ጠሩት። ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። ወንድማቸውም ተከትሎ መሰከረ። ሚስትነቷ ጸደቀ፤ ጡረታው ተከበረልን፤ እኔም ከገለምሶ ሳልነቀል ተምሬ ጨረስኩ። የሽማግሌው ውለታ ተከፍሎ አያልቅም።

በመርዶው ቀን እንኳ እንባ ጠብ ያላደረገችው እናቴ፣ ያን ዕለት እዚያው ችሎቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጡረታው እኮ ተፈቀደ፣ ለምን ታለቅሻለሽ አልኳት።

«ከአባትሽ ወዲህ ስሜን እንዲህ አክብሮ የጠራው ሰው አልነበረም» አለችኝ።