«ያው ነው» የተባልኩት ኪኒን

ትምህርቴን የጨረስኩት መርካቶ ነው፤ ዲፕሎማ አይሰጡም እንጂ ፈተናው በየቀኑ ነበር። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ የሀገር ልብስና ነጠላ ከመኪናዬ የኋላ ትራንክ ሸጫለሁ። ክርስትና፣ ሰርግ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሰው የተሰበሰበበት ሁሉ ሱቄ ነበር። በአሜሪካኖቹ ሁለት ሺህ አሥር ግድም ነው እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጠባብ ግን ባለ መስታወት፣ እውነተኛ ሱቅ ያገኘሁት። ሊዙን፣ የኪራይ ውሉን፣ ሳይን አደረግኩ። በስሜ። የባሌ ስም የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሁለቱንም ከሦስተኛው ወር ጀምሮ አልጋ ላይ ተኝቼ ነው ያመጣኋቸው። ዶክተሯ «የወተት ጋሎን እንኳ እንዳታነሺ» ብላኝ ነበር። እወዳቸዋለሁ። ሦስተኛ ግን ያን ዓመት ከመጣ ሱቁ ሳይከፈት መዘጋቱ ነው። ስለዚህ በየማለዳው የምውጣት የወሊድ መከላከያ ኪኒን የሱቁ ሸሪኬ ነበረች።

ሸሪኬ አንድ ዓርብ ጠፋች። አዲሱን ፓኬት የምጀምርበት ቀን ነው፤ ሪፊል ልወስድ ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የእኔ ኪኒን ከአቅራቢው እንዳልመጣ፣ መቼ እንደሚመጣም እንደማታውቅ ነገረችኝና ሌላ ፓኬት ከመደርደሪያ አውርዳ አሳየችኝ። ስሙ ሌላ፣ ቀለሙ ሌላ።

«የሠራው ፋብሪካ ነው የተለየ፤ መድኃኒቱ ያው ነው» አለች።

ያው ነው! ይህን ቃል ስንቱን አስገዝቼበታለሁ። ደንበኛ የጠየቀችኝ ጥበብ ሲያልቅብኝ ሌላውን ዘርግቼ «ያው ነው እህቴ፣ እንዲያውም ይሄ ይሻላል» የምል ሰው፣ በገዛ ሙያዬ ልሸወድ? ፓኬቱን ሳልወስድ ኮራ ብዬ ወጣሁ።

ባሌ አባቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ከሄደ ወር ሊሞላው ነበር። የሚመለሰው ረቡዕ ነው። ወር ሙሉ የተለየ ባል ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ያገባች ታውቃለች። ላንግሊ ፓርክ የምትኖር ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ።

«ምን ችግር አለው፣ ባልሽ ይዞልሽ ይምጣ» አለችኝ።

«የእኔ ባል በርበሬ ግዛ ሲባል ሚጥሚጣ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። በዚህ ልመነው?»

ሳቀች። «በቃ እኔ ጋ ነይ። ከአገር ቤት ከሚላክልኝ የተረፈ ሞልቷል።»

እሑድ ከሰዓት ሄድኩ። ከመሳቢያዋ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ ከየፓኬቱ በመቀስ የተቆረጡ የኪኒን መስመሮች፣ ሁሉም ቡናማ። እጄን ዘርግቼ ነበር። ግን ገበያ ያደገ ሰው የተረፈ ዕቃ በነጻ ሲሰጡት ዝም ብሎ አይቀበልም።

«ቆይ እስቲ፣ እነዚህ ለምን ተረፉ?»

«እኔ እነሱን አልውጣቸውም።»

«ለምን?»

«የሚከላከሉት ነጮቹ ናቸዋ። እነዚህ ብረት ናቸው፤ ወር አበባ ሲመጣ ለደም ተብለው የሚዋጡ።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ይሁነኝ ብለሽ ነው?»

አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ በሞትኩት!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልታስወልጂኝ ነው?»

«መጣሉ አሳዝኖኝ እኮ ነው ያስቀመጥኳቸው!»

እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። መኪናዬ ውስጥ ስገባ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። ጓደኛዬን ስለምወዳት ብቻ ልውጥላት ነበር። ፋርማሲስቷን ደግሞ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቅ፣ ካርቶኑን አይቼ ፈረድኩባት። ጨርቅ ቢሆን ሳልዳስስ፣ ክሩን ሳልስብ ገዝቼም ትቼም አላውቅም። በዚህ መሀል ደግሞ ሦስት ቀን አለፈኝ።

ሰኞ ጠዋት ያለቀውን ፓኬቴን ይዤ ወደ ፋርማሲው ተመለስኩ። «አሁን አስረጂኝ» አልኳት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠችና ከትልቁ ስም ሥር በደቃቁ የተጻፈውን በጣቷ አሳየችኝ፤ መድኃኒቱ ይሄ፣ መጠኑ ይሄ። ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር አመሳከርኩ። አንድም አልተለየም።

«ይሄም ባይኖርስ?»

«ለዶክተርሽ እንደውልና ሌላ ዓይነት ታዝዛለች። መርፌ አለ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበር አለ። ብቻ ባዶ እጅሽን ዝም ብለሽ አትቀመጪ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ስንት ቀን ዘለልሽ?»

«ሦስት።»

ፊቷ ተለወጠ። ዛሬውኑ እንድጀምር፣ ሰባት ቀን ሳላቋርጥ እስክውጥ ድረስም ኮንዶም እንዳይቀር ነገረችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ «ሰሞኑን ከባልሽ ጋር...» አለች።

«ባሌ አዲስ አበባ ነው።»

ከእኔ በላይ እሷ እፎይ አለች። ፓኬቱን ስትሰጠኝ በተሰባበረ አማርኛ «ጎበዝ ነሽ፣ ሰው እንዲህ አይጠይቅም» አለችኝ። ትምህርት ቤት ገብታ የተማረች ልጅ እኔን ጎበዝ ስትለኝ፣ አልዋሽም፣ እስከ ፓርኪንጉ ድረስ ቁመቴ ጨምሮ ነበር።

ረቡዕ ባሌ መጣ። ራስጌው ያስቀመጥኩትን የኮንዶም ካርቶን አንስቶ አገላበጠው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሱቁ ዋስትና።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ሰኞ።»

«እኔ እኮ ወር ሙሉ ጠብቄ ነው የመጣሁት!»

«አንተ ወር ጠበቅክ፤ እኔ ስምንት ዓመት ጠብቄአለሁ።»

አጉረመረመ፤ ግን እስከ ሰኞ በኮንዶም ታገሠ። ፓኬቱ ሲያልቅ ወር አበባዬ በቀኑ መጣ። ያን ቀን አሌክሳንድሪያ፣ ሱቁ ውስጥ መደርደሪያ እየሞላን ነበር። ትልቁን የጥበብ ጥቅል ትከሻዬ ላይ አድርጌ መሰላሉን መውጣት ስጀምር፣ ባሌ ከኋላዬ «ስጪኝ፣ እኔ ላውጣልሽ» አለኝ።

«አንተ መሰላሉን ያዝ» አልኩትና ወጣሁ።