ተነሺ የተባልኩ ቀን

በዚያን ዕለት ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ከከተማ የመጣው መሐንዲስ፣ ስለ ገንዘቡ የሚያስረዳው ሰውዬ፣ ስም የሚመዘግበው ወጣት፣ በጉልት ሐብሐብና ቲማቲም የሚሸጡ ሴቶች፣ ከወሎ መጥተው ናዝሬት ላይ ያረጁት ባለሱቁ ሐጂ፣ ከቆሻሻ መጣያው የመጡ አምስት ስድስት ለቃሚዎች፣ እና እኔ። ልጄ አልነበረችም። መገኘት የነበረባት ግን እሷ ነበረች።

ልጄ ከከተማው ዳር ካለው መጣያ ፕላስቲክ ለቅማ ለቆራሌ ትሸጣለች። ያን ዕለት መኪኖቹ የገበያውን ቆሻሻ የሚያራግፉበት ቀን ስለነበር መቅረት አልቻለችም። ጠዋት ጫማዋን እያሰረች፣ «እማዬ፣ ስሜን ብቻ አስጽፊልኝ። ሌላ ምንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። ቆሻሻው ተቃጥሎ መብራት ሊሆን ነው፣ መጣያው ይታጠራል፣ ስማቸው የተመዘገበ ለቃሚዎች ግን በር ላይ ቆሻሻ በመለየት ሥራ ይቀጠራሉ የሚል ወሬ ከመጣ ቆይቷል። እስከ አዳራሹ ድረስ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ በልቤ እየደጋገምኩ ሄድኩ። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው፤ ወረቀት ፊት ስቆም የማውቀውም ይጠፋኛል።

መሐንዲሱ በኦሮምኛ ተናግሮ በአማርኛ ደገመው። ኦሮምኛ ለገበያ የሚሆነኝን ያህል እሰማለሁ፣ የስብሰባው ግን ያመልጠኛል። እውነቱን ለመናገር ከአማርኛውም ያመለጠኝ ብዙ ነው። የገባኝ፣ ቆሻሻው በትልቅ ምድጃ ነዶ ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ ነው።

ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ልጄ፣ የኛ ቆሻሻ እኮ የሐብሐብ ልጣጭ ነው። ሐብሐብ ይነዳል እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ ሻጭ ከኋላ፣ ሐጂ ሲመርጡ ያፈረጡት ቲማቲምማ ጭራሽ አይነድም አለቻቸው። እሳቸውም ሳቁ። መሐንዲሱ ሳይቆጣ እርጥቡ መጀመሪያ እንደሚደርቅ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚነደው ደግሞ ፕላስቲኩ እንደሆነ አስረዳ። ይኼን ሲል ለቃሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔም ደንገጥ አልኩ። ልጄ የምትበላው ከዚያው ፕላስቲክ ነው። ግን ምንም እንዳልናገር ታዝዣለሁ።

ቀጥሎ የገንዘቡ ሰውዬ ተነሳ። ነገሩ ገና ውይይት ላይ እንደሆነ ደጋግሞ ተናገረ። ከፊሉን ከተማው ያወጣል፣ ከፊሉ የነዋሪው መዋጮ ነው፣ የቀረው ብድር ነው፤ ብድሩም ከነወለዱ በረጅም ዓመት ቀስ እያለ ይከፈላል አለ።

«ከተማው ተበደረ ስትል፣ የተበደረው ማነው?» አሉ ሐጂ።

«ሁላችንም ነን፣ ሐጂ።»

«እኔ ተከፍሎ እስኪያልቅ አልኖርም።»

«ልጆችዎ አሉ።»

«እኔስ እሱን አይደል የምጠይቅህ።»

አሁን የሳቀ የለም። ሐሳቤ ተያይዞ ወደ ልጄ ሄደ። ፕላስቲኳ የሚነድበትን ምድጃ ዕዳ እሷው ልትከፍል ነው ማለት ነው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ፣ መዝጋቢው ወጣት አጠገቤ ደርሶ ኖሯል። ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ፣

«እናት፣ ተነሺ?» አለኝ።

ብድግ አልኩ። ልጄ የሚሆን ልጅ አንቺ ብሎ ሲያዘኝ ከፋኝ፤ ግን ወንበሩን ለሌላ ሰው ፈልጎት ይሆናል አልኩና ነጠላዬን ሰብስቤ ቆምኩ። መጣያው ሲታጠር ከዚያ የሚነሳ ለቃሚ በእነሱ አጠራር «ተነሺ» እንደሚባል በምን አውቄ! እሱ የጠየቀኝ የሚነሱት ውስጥ መሆኔን ነበር። መቆሜን እንደ አዎ ቆጥሮ ምልክት አደረገ።

«ስምዎ?» አለኝ። ወደ እርስዎ በመመለሱ ደስ አለኝ። የራሴን ስም መታወቂያዬ ላይ እንዳለው ነገርኩት። አጠገቡ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አሳምሬ ፈረምኩ።

ጋሪዎቹ የሚቆሙበት ጋ ስደርስ የልጄ ስም አሁንም በልቤ እየተመላለሰ ነበር። ለማንም አልተናገርኩትም። እየሮጥኩ ተመለስኩ፤ አዳራሹ ተቆልፏል። ማታ ስትመጣ፣ አስጻፍሽልኝ ወይ አለችኝ። «ተጽፏል» አልኳት። ማን እንደተጻፈ አላልኩም።

ዝርዝሩ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ራሷ አነበበችው። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው የሚመዘገበው፤ የኛ ቤት ሰው እኔ ሆኛለሁ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፣ አልጮኸችም። «በይ እንግዲህ አንቺ ልቀሚ፣ እማዬ» ብላ ሳቀች። በሳምንቱ ከጓደኛዋ ጋር የአትክልት እርሻ ሥራ ፍለጋ ወደ ዝዋይ ሄደች። ሁለት ጊዜ ደውላለች፤ የኋለኛው ከአዳሚ ቱሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ዝግ ነው።

ቀበሌ ስመላለስ ከረምኩ። በመጨረሻ ያንኑ ወጣት አገኘሁትና እንዴት እንደቆምኩ ነገርኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ፊቴን አየና ተወው። በእኔ ስም ላይ የእሷን በእርሳስ ጻፈልኝ። በእስክሪብቶ የሚጸናው ግን ራሷ በአካል መጥታ ስትፈርም ነው፤ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ምንም ማድረግ አይቻልም አለኝ። መቼ ይዘጋል ብዬ ብጠይቀው እሱም አያውቅም።

ምድጃው እስካሁን አልተሠራም። ብድሩ ገና እየተመከረበት ነው ይላሉ። የሰሌዳው ወረቀት በፀሐይ ነጥቷል፣ መኪኖቹም እንደ ድሮው ያራግፋሉ። እኔ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ባጃጅ በቆመ ቁጥር በር ላይ ነኝ። በቆቃ በኩል አድርጌ፣ ገንዘቤ እስከፈቀደልኝ፣ እስከ መቂ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ መነኸሪያ ያሉት ረዳቶችም ሳልጠይቃቸው ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «አላየናትም» በሚል ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ።

ቀጭን ናት፣ ጠይም። በግራ አውራ ጣቷ ላይ ቆርቆሮ የቆረጣት ጠባሳ አለ፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። በዝዋይም ሆነ በአዳሚ ቱሉ በኩል ያያት ሰው ካለ፣ ደህና ናት ወይ? እባካችሁ ንገሩኝ።